80 ሜጋኸርዝ ፕላዝማ ውስጥ ሲገባ

ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው መስመር ይሠራሉ። ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በ80 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ አሜሪካ በሚገኘው ኤም አይ ቲ የነበረው አልካተር ሲ-ሞድ እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪዘጋ ድረስ ሞገዱን ይለቅ ነበር። አድማጩ ግን ሙቀቱ በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ የሚቆጠር ፕላዝማ፣ ማለትም አቶሞቹ ወደ አዮኖችና ኤሌክትሮኖች የተለያዩበት ጋዝ፣ ነበር።

ሲ-ሞድ ቶካማክ ነበር፤ ቀለበት በመሰለ ክፍል ውስጥ ፕላዝማን በኃይለኛ መግነጢስ ከግድግዳው አርቆ ይይዝ ነበር። ዓላማው እንደ ፀሐይ ቀላል አቶሞችን የማዋሃድ መንገድ መፈለግ ነበር። አዮኖች በመግነጢሱ መስመር ዙሪያ እየተሽከረከሩ ይጓዛሉ፤ በ1 ቴስላ የመግነጢስ መስክ የሃይድሮጅን አዮን በሰከንድ 15 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይዞራል። ሞገዱ ከዙሩ ጋር ከተገጣጠመ፣ ዥዋዥዌን ጊዜውን ጠብቆ እንደሚገፋ ሰው፣ በየዙሩ ጉልበት ይጨምርለታል። መስኩ ከቀለበቱ መሐል ወደ ውጭ በራቁ ቁጥር ስለሚደክም፣ 80 ሜጋኸርዝ ለሃይድሮጅን የሚስማማው 5.25 ቴስላ ገደማ በሆነበት ስስ ንጣፍ ላይ ብቻ ነው። ድግግሞሹን የመረጠ የሚሞቀውን ቦታም መረጠ።

እስከዚህ በእጅ ሊሰላ ይችላል። የሚያስቸግረው ሞገዱ በመንገድ ላይ የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። አየር ላይ 4 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ሞገድ፣ ፕላዝማው ውስጥ ወደ አሥር ሴንቲሜትር ያጥራል፤ የአዮኖቹ ቅልቅል በሚፈቅድበት ቦታ ደግሞ በሚሊሜትር ወደሚለካ ሌላ ዓይነት ሞገድ ይቀየራል። ይህ ሁሉ በአንድ ስሌት መያዝ አለበት። በዚያ ላይ አዮኑ አንድ ነጥብ ላይ የሚሰጠው ምላሽ እዚያ በሚያገኘው መስክ ብቻ አይወሰንም፤ ሲዞር ያለፈበትን ሁሉ ይዞ ይመጣል። በኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ የተሠራው አኦርሳ የተባለ ፕሮግራም ይህን ሳያቃልል ስለሚያሰላ ሱፐር ኮምፒውተር ይጠይቃል። ጀርመናዊው የማክስ ፕላንክ ተቋም ውስጥ ማርኮ ብራምቢላ የጻፈው ቶሪክ ግን የአዮኑ ዙር ከሞገዱ አንጻር ትንሽ ነው ብሎ ይነሳል። ብልጠት ነው፤ ብልጠቱ የት ድረስ እንደሚያዋጣ ግን መሣሪያው ራሱ መጠየቅ ነበረበት።

ሲ-ሞድ ተጠየቀ። ተመራማሪዎች በፕላዝማው ውስጥ የሌዘር ጨረር አሳልፈው፣ ሞገዱ በእፍጋቱ ላይ የሚፈጥረውን እርግብግቦሽ ለኩ። ፕላዝማው ሃይድሮጅን፣ ዲዩተሪየምና ሄሊየም 3 የተቀላቀሉበት ነበር። የሚጠበቀው አጭር ሞገድ መስኩ በሚበረታበት በውስጠኛው በኩል ሊታይ ነበር፤ የታየው በተቃራኒው፣ መስኩ በሚላላበት ወገን ነው። ቶሪክ ሲሠራም ያንኑ አሳየ፤ መግነጢሱ በቀለበቱ ዙሪያ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሞገዱ ወደ ሌላ ዓይነት ይቀየራል። የፊዚክስ ሊቁ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1977 ጽፎት ነበር። ልኬቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2003፣ ከ26 ዓመት በኋላ ነው። ለእኔ የዚህ ሙያ ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው፦ ቀመሩ፣ ፕሮግራሙና ሌዘሩ ለየብቻቸው ሄደው አንድ ቦታ ተገናኙ።

ለስሌት ከፕላዝማው መሐል ይልቅ ዳሩ ይከብዳል። ሞገዱን የሚለቀው አንቴና ፊት ያለው ፕላዝማ ስስ ስለሆነ ሞገዱ እዚያ በወጉ አይጓዝም፤ እየደከመ ይሾልካል። የአንቴናው መስክ አዮኖችን ወደ ብረቱ ያስፈነጥራል፤ ከሲ-ሞድ ግድግዳ ይፋቅ የነበረው ሞሊብዲነም ፕላዝማው ውስጥ ገብቶ ሙቀቱን በጨረር መልክ ያባክን ነበር። መሐንዲሶቹ አንቴናውን አዘንብለው ከመግነጢሱ መስመር ጋር ሲያስተካክሉት ብክለቱ ቀነሰ። የአዳዲሶቹ ሞዴሎች ሥራም ወደዚህ አዘንብሏል፦ የአንቴናውን ትክክለኛ ቅርጽ ትንንሽ ቁራጭ እያደረጉ ከፕላዝማው ጋር ያሰላሉ።

ማሳቹሴትስ፣ ዴቨንስ ላይ የሚገነባው ስፓርክ የተባለ ቶካማክ በ12.2 ቴስላ መስክና በ120 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ ታቅዷል። ከውጭ የሚጨመርለት ማሞቂያ የሬዲዮ ሞገድ ብቻ ስለሆነ፣ አንቴናው ፊት ያለችው ያቺ ጠባብ ቦታ መሣሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በስሌት ልትታወቅ ይገባል።