ጉልበት ሲያርፍ ልብ እንዳያርፍ፦ ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ የልብና የሳንባ ብቃትን ስለ መጠበቅ

በአማርኛ «ጉልበት» የሚለው ቃል መገጣጠሚያውንም ኃይልንም ይጠራል። ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያጣ ቢመስለው አያስደንቅም። በሀደሮና በአካባቢዋ ዝንጅብል የሚያመርት ገበሬ፣ እንሰት የምትፍቅ እናት ወይም ኳስ የሚጫወት ወጣት ከሆስፒታል ሲመለስ ከቤተሰብና ከጎረቤት የሚሰማው ምክር «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ» የሚል ነው። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም የተጠገነውን መገጣጠሚያ መጠበቅን መላ አካልን ከማስተኛት ጋር ያቀላቅላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ለይቶ ማሳየትና የሕክምና መሣሪያ በማይገኝበት ከተማ ምን ማድረግ እንደሚቻል ማብራራት ነው።

መተኛት የሚያስከፍለው ዋጋ በጥናት ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አምስት ጤናማ ወጣቶች ለ3 ሳምንታት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ሰውነታቸው በከፍተኛ ሥራ ጊዜ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን መጠን ከሩብ በላይ ቀነሰ። ከ30 ዓመታት በኋላ እነዚሁ ሰዎች እንደገና ሲመረመሩ፣ የሦስቱ ሳምንታት መኝታ ያደረሰው ጉዳት የ30 ዓመት ዕድሜ ካደረሰው በልጦ ተገኘ። የመጀመሪያው ምክንያት ደም ነው፤ እንቅስቃሴ ሲቆም የደም ፈሳሽ ክፍል በቀናት ውስጥ ይቀንሳል፣ ልብም በአንድ ምት የምትረጨው ደም ያንሳል። ጡንቻ ኦክስጅንን ወደ ኃይል የመለወጥ ችሎታው የሚዳከመው ቀስ በቀስ ነው።

ስለዚህ ታካሚው ምርኩዙን ጥሎ መራመድ ሲጀምር ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ድካሙን ከጉልበቱ ጋር ስለሚያያይዘው ተመልሶ ይቀመጣል፤ ክብደቱ ይጨምራል፤ የጨመረውም ክብደት መልሶ በጉልበቱ ላይ ያርፋል።

ይህን አዙሪት መስበር እንደሚቻል የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ አለ። አሜሪካዊቷ የማራቶን ሯጭ ጆአን ቤኖይት እ.ኤ.አ. በ1984 የኦሊምፒክ ማጣሪያ ሊካሄድ 17 ቀናት ሲቀሩት ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። መሮጥ ባልቻለችባቸው ቀናት የብስክሌት ፔዳል በእጆቿ እያሽከረከረች ልቧን አሠራች። ማጣሪያውን አሸነፈች፤ በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ በተካሄደው የመጀመሪያው የሴቶች የኦሊምፒክ ማራቶንም በ2፡24፡52 ወርቅ ወሰደች። የእርሷ ሕክምና ቀላል የሚባል ዓይነት ስለነበር የፍጥነቷን መርሐ ግብር ማንም ሊከተለው አይገባም። የምንወስደው ትምህርት ልብ ሥራውን የጠየቀው ጡንቻ የእግር ይሁን የእጅ እንደማይለይ ነው።

በእጅ ሥራ የሚደረስበት ከፍተኛ የኦክስጅን ፍጆታ በእግር ከሚደረስበት ወደ 70 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ብቃትን ለመጠበቅ ይበቃል። ሆኖም እኩል መጠን ላለው ሥራ የእጅ እንቅስቃሴ የደም ግፊትን ይበልጥ ስለሚጨምር፣ የግፊትና የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል። በሀደሮ ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ብስክሌት ጠጋኝ እንደሚያደርገው ብስክሌቱን በኮርቻውና በመሪው ገልብጦ አጽንቶ ማቆም፣ የኋላውን ፍሬን በመጠኑ ማጥበቅ፣ ከዚያም ወንበር ላይ ተቀምጦ የታከመውን እግር በተፈቀደለት አኳኋን አሳርፎ ፔዳሉን በእጅ ማሽከርከር ይቻላል። ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ሠርቶ ማረፍ፣ ይህን ሦስት ጊዜ መደጋገም፣ በሳምንታት ውስጥም ወደ 20 ደቂቃ ማሳደግ ተገቢ ነው። መጠኑን የሚለካው ትንፋሽ ነው፦ መናገር እየተቻለ መዝፈን ካልተቻለ ልኩ ደርሷል።

እግሩ ወደ ሥራ የሚመለስበት ጊዜ በቀዶ ሕክምናው ዓይነት ይወሰናል። የተቀደደው ሜኒስከስ በከፊል ተቆርጦ የወጣለት ሰው በቀናት ውስጥ ሊራመድ ይችላል። የተሰፋለት ግን ለ4 እስከ 6 ሳምንታት ክብደት መጣልና ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ ብዙውን ጊዜ ይገደብበታል፤ ይህም ዱካ ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥንና ቁጢጥ ማለትን ይጨምራል። የፊት መስቀል ጅማት የተተካለት ሰው እብጠቱ ቀንሶ ጉልበቱ ወደ 110 ዲግሪ ሲታጠፍ በቆመ ብስክሌት ላይ ያለ ጫና ፔዳል መምታት ይችላል፤ ሩጫ ግን በአብዛኛው ከ3 ወይም ከ4 ወር በፊት አይፈቀድም። የተተካው ጅማት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሰውነት ጋር እስኪዋሐድ ድረስ ስለሚዳከም፣ ሕመም አለመኖሩ የመዳን ማረጋገጫ አይደለም። ወደ ኳስ ሜዳ ለመመለስ ቢያንስ 9 ወር መጠበቅ ይመከራል።

አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፦ ያበጠ ጉልበት የፊት ታፋን ጡንቻ በነርቭ በኩል ያግደዋል። በመሆኑም የልብ እንቅስቃሴ የታፋ ማጠናከሪያ ልምምድን አይተካም። ከእንቅስቃሴ በኋላ እብጠቱ ቢጨምርና እስከ ማግሥቱ ቢቆይ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። ባት ቢያብጥና ቢያምም፣ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥር ወይም ደረት ቢወጋ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ለክትትል ከሀደሮ ወደ ሆሳዕና መመላለስ በምርኩዝ ለሚሄድ ሰው ቀላል አይደለም። ስለሆነም ታካሚው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ለአራት ጥያቄዎች የጽሑፍ መልስ ቢያገኝ ብዙ ይጠቅመዋል፦ ምን ተሠራልኝ? ምን ያህል ክብደት ልጣልበት? እስከ ስንት ልጠፈው? ልቤን በምን ላሠራው? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚቀር ቢሆንም፣ መልሱን ለመተግበር የሚፈለገው የተገለበጠ ብስክሌትና የቤተሰብ ማበረታቻ ብቻ ሊሆን ይችላል።