የድንች ዘመድ የሆነው ትልቅ ዛፍ

ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ትምባሆና እምቧይ ዘመዳሞች ናቸው ቢባል ማን ያምናል? ነገር ግን አበባቸውን ቀርበን ብናይ የሁሉም አምስት ጫፍ አለው። የአንድ ወገን ልጆች ናቸው።

እነዚህ ሁሉ ከሰው ቁመት ብዙም አያልፉም። ታዲያ ከዚሁ ወገን እስከ 30 ሜትር የሚያድግ ዛፍ አለ። የሚበቅለው በደቡብ አሜሪካ፣ በብራዚል አገር፣ ዝናብ በማይለየው በአማዞን ደን ውስጥ ነው። ስሙ ዱኬኦዴንድሮን ይባላል፤ «የዱኬ ዛፍ» ማለት ነው። ዱኬ የዚያን ደን ዛፎች ሲያጠና የኖረ ሰው ነበር።

ሊቃውንት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1925 ለዛፉ ስም ቢያወጡለትም ወገኑን ለማወቅ ተቸገሩ። ስለዚህ ለብቻው አንድ ወገን አድርገውት ቆዩ። ኋላ ግን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የውርስ ምልክት ሲመረመር የእነድንች ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

የዚህ ዛፍ ዘር ትልቅ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም። ከእናቱ ሥር አንሥተው ራቅ አድርገው የሚጥሉት የጫካ እንስሳት ናቸው። ማናውስ ከምትባለው ከተማ በስተሰሜን ደኑ ለከብት ግጦሽ ሲመነጠር፣ እዚህም እዚያም ቁራጭ ደን ቀረ። አጥኚዎች የወደቀውን ዘር ቆጠሩ። በሰፊው ደን ዘሩ ርቆ ይሄዳል። በቁራጩ ደን ግን ከእናቱ ሥር የሚቀረው በዛ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ዛፍ መጥረቢያ ባይነካውም ወራሽ ሊያጣ ይችላል። እንግዲህ ደን ስንጠብቅ ዘር የሚያደርሱለትን እንስሳትም አብረን እንጠብቅ።