የነጠላው ንጣትና የእናት ፊት



በየቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱሳት ሥዕላት ዝቅ ብሎ፣ አንዳንዴም በቁም ሣጥኑ መስተዋት ጠርዝ ተሰክቶ፣ አንድ የበዓል ፎቶግራፍ አይጠፋም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ቤተሰብም አንድ አለው። አያታችን በ1982 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት፣ ታቦቱን ሸኝተው ሲመለሱ፣ በአንድ ተዘዋዋሪ ፎቶ አንሺ የተነሡት ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ነው። ነጠላቸው ከበረዶ ይነጣል፤ የጥለቱ መስመሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ፊታቸው ግን የለም። የሚታየው ነጠላው ከቦት የቀረ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። አያታችን በዚያው ዓመት ክረምቱ ሳይገባ አረፉ፤ ሌላ ፎቶግራፍም አልነበራቸውም። ከእርሳቸው በኋላ የተወለድነው የልጅ ልጆች መልካቸውን የምናውቀው፣ «ዓይናቸው የአክስታችሁን፣ ግንባራቸው የአጎታችሁን ይመስል ነበር» እየተባልን ነው።

ፎቶግራፉ የሚገኘው በሸካ ዞን፣ የአንድራቻ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጌጫ፣ በአክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ባለቤታቸው በመምህርነት በተመደቡበት ዘመን ወደዚያ ተጉዘው፣ ወልደውና ከብደው በዚያው ቀሩ። ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ወደ እርሳቸው ስሄድ ካሜራ ይዤ ነበር። የአክስቴ ፊት እንደ እናታቸው ፊት በጥላ ተውጦ እንዳይቀር ፈልጌ፣ የፎቶግራፍ ሰዎች «ሃይ ዳይናሚክ ሬንጅ»፣ ባጭሩ «ኤች ዲ አር» የሚሉትን ዘዴ በጀማሪነት መለማመድ ከጀመርሁ ጥቂት ወራት ሆኖኝ ነበር።

ስለ ዘዴው ከማውራት በፊት የአያታችን ፊት ለምን እንደ ጠፋ መረዳት ይገባል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለውን ትዕይንት ሁሉ ደምሮ አማካዩን በመውሰድ፣ ያ አማካይ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ይፈርዳል፤ ይህም የተቀበለውን ብርሃን 18 በመቶ ያህል የሚመልስ ግራጫ ነው። ለአንድ መንደር ወይም ለአንድ የሣር ሜዳ ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከፊቱ የቆመው ነጭ በነጭ የለበሰ የጥምቀት ሕዝብ ሲሆን ግን መለኪያው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ወደ ግራጫ ሲወርድ፣ በነጠላው የተከበበው ጠይም ፊት ወደ ጨለማ ይወርዳል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ደግሞ ነጠላው ራሱ በግንባርና በዓይን ላይ ጥላ ይጥላል። ፎቶ ቤቱ በሕትመት ጊዜ ነጠላውን መልሶ ቢያነጣው እንኳ፣ ፊልሙ ላይ ያልተጻፈውን ፊት ከየትም ሊያመጣው አይችልም።

ነገሩ የአንድ ተዘዋዋሪ ፎቶ አንሺ ጥፋት ብቻ እንዳይመስለን። ኮዳክ ኩባንያ ፎቶ ቤቶች ቀለማቸውን እንዲያስተካክሉበት ይልከው የነበረው፣ በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ ካርድ» የተባለው የማመሳከሪያ ፎቶግራፍ፣ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የነጭ ሴት መልክ ብቻ ነበረበት። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች በአንድ ካርድ ላይ አብረው የታዩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የአያቶቻችን ፊት መመዘኛ ሆኖ አያውቅም ነበር ማለት ነው።

የሰው ዓይን እንዲህ አይደለም። ከቤት ውስጥ ወደ ደጅ ስናይ ዓይናችን ራሱን እየከፈተና እየዘጋ፣ አእምሯችንም እየደረበ፣ የቤቱን ጥግና የደጁን ብርሃን አንድ ላይ ያሳየናል። ካሜራ ግን በአንድ ቅጽበት አንድ ፍርድ ብቻ ይሰጣል። ኤች ዲ አር ይህን ጉድለት የሚሞላው፣ አንድን ትዕይንት ካሜራው ሳይነቃነቅ በተለያየ የብርሃን መጠን ደጋግሞ በማንሣት ነው። ከጨለመው ፎቶግራፍ ሰማዩንና ነጠላውን፣ ከፈካው ፎቶግራፍ ፊቱንና ጥላውን ወስዶ አንድ ያደርጋቸዋል።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ባሕር ሲያነሣ፣ የዘመኑ የመስተዋት ኔጋቲቭ ሰማዩን ባዶ ነጭ እያደረገ ስላስቸገረው፣ ለሰማዩ አንድ፣ ለባሕሩ ሌላ ኔጋቲቭ አንሥቶ በአንድ ወረቀት ላይ ያትማቸው ነበር። በኮምፒዩተር ዘመን ስቲቭ ማንና ሮዛሊንድ ፒካርድ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ፖል ደቤቬክና ጂቴንድራ ማሊክ በ1997 ዘዴውን በሒሳብ ቀመር አስቀመጡት። አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 በአይፎን ላይ ካስገባው ወዲህ ደግሞ በእጅ ስልክ ሁሉ ተስፋፍቶ፣ ዛሬ ብዙው ሰው ሳያውቀው ይጠቀምበታል።

ጌጫ ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደን አገር ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ክልልነት ተመዝግቧል። ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ጥምዙና ማሩ ሁሉ የሚገኘው ከዚሁ ደን ነው። ብርሃን ለሚማር ሰው ግን አስቸጋሪ መምህር ነው። ከዛፎቹ ሥር ቀትር ላይ እንኳ ደብዛዛ ነው፤ በቅጠሎቹ መካከል የሚገባው ሰማይ ግን ዓይን ይወጋል። ጥቅጥቅ ካለው ጥላ ወጥቶ ነጠላ የለበሰ ሰው ድንገት ፀሐይ ላይ ሲቆም፣ ካሜራው ማንን እንደሚያምን ይጠፋዋል።

የመጀመሪያ ትምህርቴን ግን ያገኘሁት በደኑ ሳይሆን በአክስቴ ቤት፣ በከተራ ዕለት በቡና ሰዓት ነበር። ቤቱ ባለ አንድ መስኮት ነው፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው። ከበሩ ውጭ የእንሰቱ ቅጠል ፀሐይ ተቀብሎ ይንቦገቦጋል። አክስቴ ከበሩ በስተግራ፣ ቄጤማው ላይ ረከቦታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ለፊታቸው ሳነሣ ደጁ ነጭ ባዶ ይሆናል፤ ለደጁ ሳነሣ አክስቴ እንደ አያታችን ይጠፋሉ።

ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አሰርሁት። የሌንሱን ቀዳዳ በ8 ቁጥር፣ አይ ኤስ ኦውን በ100 ላይ አጸናሁ። እነዚህን ሁለቱን አለመነካካት የዘዴው ዋና ሕግ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ከተለወጠ ከፎቶ ወደ ፎቶ የሚጠራው ነገር ርቀት ይለያያልና፣ የሚለዋወጠው የሸተሩ ፍጥነት ብቻ መሆን አለበት። ለደጁ ቅጠል የሰከንድ 250ኛ እጅ፣ ቀጥሎ 60ኛ፣ ቀጥሎ 15ኛ፣ ለቤቱ ጥግ ደግሞ የሰከንድ ሩብ ወሰደ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል የብርሃኑ ልዩነት 64 እጥፍ ያህል ነው። በጣት ሲጫኑት ካሜራው እንዳይርገበገብ በሁለት ሰከንድ ራስ አንሺው ተጠቀምሁ።

አራቱን ፎቶግራፎች ማታ በኮምፒዩተር ሳዋሕዳቸው፣ አክስቴ ቡና በሚቀዱበት እጃቸው ምትክ ሦስት እጅ ወጣ። የእጣኑም ጭስ ተቆራርጦ ቀረ። በየፎቶግራፉ መካከል የተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ እንዲህ ይደራረባል፤ የሙያው ሰዎች «መንፈስ» ይሉታል፤ በበዓል ዋዜማ ግን ስሙን ለአክስቴ መንገር አልደፈርሁም። እርሳቸው ግን አይተው ሳቁ።

«ምነው ልጄ፣ ሦስት እጅ አበቀልህልኝ?»

«እትዬ፣ ትንሽ ዝም ብለው ቢቀመጡልኝ ኖሮ ነው።»

«ቡና እየቀዳሁ እንዴት ዝም እላለሁ? ቡናው እስኪፈላ አትጠብቅም?»

መፍትሔው ይኸው ነበር። ሦስት ወር ካነበብሁት ይልቅ ይህች አንዲት ምክር ሥራ ሠራችልኝ። ጀበናው ከሰል ላይ ሲጣድ አክስቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው በሩን በሩን ያያሉ፤ ማንም ሳያዝዛቸው የሰከንድ ሩብ ቀርቶ ሙሉ ደቂቃ አይነቃነቁም። በማግስቱ ማለዳ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ከመውረዳችን በፊት ነጠላቸውን እንደ ለበሱ በዚያች ጊዜ አነሣኋቸው። ቅጠሉ ነፋስ ቢያወዛውዘው፣ ሶፍትዌሩ ለዚያ ክፍል ከአራቱ አንዱን ፎቶግራፍ ብቻ እንዲወስድ ማዘዝ ይቻላል። ላይትሩምም ፎቶማቲክስም ይህን ያደርጋሉ፤ ገንዘብ ለማይከፍል ሰው ሁጊን የተባለው አለ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከመጀመሪያው የከፋ ነበር፤ የብዙ ጀማሪ ስሕተትም ነው። ፎቶግራፎቹ ሲዋሐዱ የሚገኘው የብርሃን ስፋት በስክሪንም ሆነ በወረቀት አይበቃምና፣ እንዲበቃ አድርጎ መጭመቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ማስተካከያዎቹን እስከ ጫፍ መግፋት ያጓጓል። እኔም ገፋሁት። እንሰቱ የሰላጣ ሥዕል መሰለ፤ በበሩ ጠርዝ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ወጣ፤ የአክስቴ ፊት መጨማደድ ሁሉ በብረት የተቀረጸ ሆነ፤ የጣራው ጥቀርሻ ሳይቀር እንደ ቀትር በራ። አክስቴ ስክሪኑን ጥቂት ካዩ በኋላ፣ «ቤቱስ የእኔ ነው፤ ጨለማውን ግን የት አደረስኸው?» አሉኝ።

በእውነት እላለሁ፣ ስለ ኤች ዲ አር ከዚህ የተሻለ ትችት አልሰማሁም። ዘዴው የተፈጠረው ጨለማን ለማጥፋት አይደለም። የቤቱ ጥግ ጨለማ ካልሆነ ከበሩ የሚገባው ብርሃን ብርሃን አይመስልም። ማስተካከያዎቹን ከግማሽ በታች መለስኋቸው። ጥጉ ጨለመ፣ ጥቀርሻው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ቅጠሉ ቅጠል ሆነ። የአክስቴ ፊት ግን አለ፤ በግራ ጉንጫቸው ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ሳትቀር አለች።

በጥምቀት ዕለት በአደባባይ ያለው ነገር ሌላ ነው። ታቦታቱ ሲንቀሳቀሱ፣ ድባቡ ሲወዛወዝ፣ ወጣቱ ሲዘል፣ አራት ፎቶግራፍ ደራርቦ ማንሣት መንፈስ ማብዛት ብቻ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ካሜራው ምንም ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው «ራው» በሚባለው ዓይነት አንድ ጊዜ ማንሣት፣ ነጠላው እንዳይቃጠል ብርሃኑን በመጠኑ መቀነስ፣ ኋላ በኮምፒዩተር ፊቶቹን ቀስ አድርጎ ማንሣት ይሻላል። የተቃጠለ ነጭ አይመለስም፤ በልኩ የጨለመ ፊት ግን በጥሩ ዲጂታል ካሜራ ከተነሣ ይመለሳል። በእጅ ስልክ የሚያነሣ ሰው በስክሪኑ ላይ ነጠላውን ሳይሆን ፊቱን በጣቱ ይንካ፤ ስልኩ የሚመዝነው የተነካውን ቦታ ነውና። ነጠላው ከልክ በላይ ከነጣ በጣት ወደ ታች መሳብ ነው። ጎግልም እ.ኤ.አ. በ2021 ለጠይምና ለጥቁር ፊት የተሻለ ፍርድ እንዲሰጥ ያዘጋጀውን አሠራር በስልኮቹ ላይ አውጥቷል፤ ዘግይቶም ቢሆን የአያቶቻችን ፊት መመዘኛ ውስጥ ገባ።

ለሙሉው ዘዴ የሚመቸው ከንጋቱ በፊት ታቦታቱ በድንኳን ሳሉ፣ ሕዝቡ ለጸሎት ጸጥ ብሎ በቆመበት ሰዓት ነው። የሻማውና የጧፉ ብርሃን ከጠዋቱ ሰማይ ጋር የሚገናኘው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ፣ ማቆሚያው ቀድሞ መተከል አለበት፤ እርሱም ከሕዝቡ ኋላ፣ ከካህናቱ መንገድ ፈቀቅ ብሎ። በቅርቡ ባየኋቸው በዓላት ስልኩን ከታቦቱ ፊት ቀድሞ እየሮጠ የሚደቅን ወጣት ብዙ ነው፤ የበዓሉን ጌታ ሳይሆን ስክሪኑን ሲሸኝ የዋለ ይመስላል። የካህናቱንና የሰዉን ፈቃድ መጠየቅ፣ በሚጸልይ ሰው ፊት ፍላሽ አለማብራት ከማንኛውም ማስተካከያ ይቀድማል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ካሜራው እየበዛ ነውና፣ ነገሩን ከወዲሁ ልጆቻችንን ብናስለምዳቸው መልካም ነው።

በቃና ዘገሊላ ማግስት የአክስቴን ፎቶግራፍ በወረቀት አሳተምሁ። በስልክ ውስጥ የቀረ ፎቶግራፍ ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ውኃ ሲገባበት አብሮ ይሄዳል፤ የአያታችን ግን ፊት ባይኖረውም ይህን ሁሉ ዓመት የቆየው ወረቀት ስለ ሆነ ነው። አክስቴ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ሰቀሉት። ከዚያ ሁለቱን እያፈራረቁ ሲያዩ ቆዩና፣

«የእማዬንስ ፊት እንዲህ ልታወጣው ትችላለህ?» አሉኝ።

ሞክሬው ነበር። ማታ እርሳቸው ሲተኙ አሮጌውን ከመስተዋቱ አውጥቼ፣ በካሜራው በተለያየ ብርሃን አንሥቼ፣ ጥላውን በኮምፒዩተር እስከ መጨረሻው ከፍቼው ነበር። የወጣው የወረቀቱ ቃጫና የቀለሙ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ኔጋቲቩ የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም። ዘዴው ያልተጻፈውን አያነብብምና፣ «አይሆንም እትዬ» አልኋቸው።

አክስቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ አሮጌው ፎቶግራፍ ጠጋ ብለው የጥለቱን መስመር በጣታቸው ተከተሉት።

«ድሩንም ማጉንም የፈተለችው ራሷ ናት» አሉ። «ጥለቱን ግን የመረጥሁላት እኔ ነኝ።»