ኮሮኮንች የሚያጠነክረው ሞላ

የመኪና ሞላ እየታመቀ ሲሄድ ሊጠነክር ይችላል፤ የላስቲክ መቆሚያው ላይ ሲደርስማ ይብስበታል። ኮሮኮንቹም ቢሆን ቀድሞ ስለማይታወቅ በአማካይና በዕድል እንጂ በሌላ አይገለጽም። ሁለቱ ሲገናኙ ልክ የሆነ መልስ የሚገኘው በጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ነው። ለቀሩት ስታቲስቲካዊ ሊኒየራይዜሽን አለልን። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቡተን በአሜሪካ፣ ካዛኮቭ በሶቪየት ኅብረት ለቁጥጥር ሥርዓቶች አቀረቡት፤ በ1963 ደግሞ የካልቴኩ ቶማስ ኮሂ ስለ ዘዴው ለንዝረት ሰዎች ጻፈ። አስቸጋሪውን ሞላ አንስተን ቀጥተኛ ሞላ እንተካለን፤ ጥንካሬውን የምንመርጠው የሁለቱ ኃይሎች ልዩነት በካሬ ሲወሰድ በአማካይ እጅግ እንዲያንስ አድርገን ነው።

የሚያበግነኝ ይህን ከታንጀንት ጋር የሚያምታታው ሰው ነው። ታንጀንት የሚነግረን ሞላው ካረፈበት ትንሽ ሲነቃነቅ ያለውን ጥንካሬ ብቻ ነው፤ መንገዱ ከፋ አልከፋ ግድ የለውም። ኃይሉ የመታመቁ ኩብ በአንድ ቋሚ ቁጥር ተባዝቶ የሚገኝ ሞላ ውሰዱ። እረፍቱ ላይ ታንጀንቱ ዜሮ ነው፤ እሱን ያመነ መሐንዲስ መኪናው ያለ ልክ ይዋዥቃል ብሎ ሊደመድም ነው። የእኛ ዘዴ ግን እንቅስቃሴው የጋውስ ሥርጭት አለው ብሎ ይነሳና ጥንካሬው የእንቅስቃሴው ቫሪያንስ (የካሬው አማካይ) 3 እጥፍ በዚያ ቋሚ ቁጥር ተባዝቶ ነው ይላል። 3ቱ የመጣው ከጋውስ ሥርጭት ነው፤ የእንቅስቃሴው አራተኛ ርቢ አማካይ የቫሪያንሱ ካሬ 3 እጥፍ ነውና። ቫሪያንሱ ደግሞ ራሱ የምንፈልገው መልስ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ መፍታት ግድ ይላል። መንገዱ ሲከፋ የተተካው ሞላም ይጠነክራል ማለት ነው።

ስለዚህ የአንዱን መንገድ ውጤት አባዝቶ ለሌላው መስጠት አይቻልም። መንገዱን እንደ ነጭ ጫጫታ ብንወስደው፣ ጉልበቱ 4 እጥፍ ሲሆን የዚህ ሞላ ቫሪያንስ የሚያድገው 2 እጥፍ ብቻ ነው፤ ትክክለኛው መፍትሔም እንዲሁ ይላል። ዘዴው የሚስተው መጠኑን ነው፤ ቫሪያንሱን በ15 ከመቶ ገደማ ያሳንሰዋል። ለእንዲህ ያለ ክፉ ሞላ ይህ ብዙ አይደለም።

አንድ ጊዜ ያየሁት ሪፖርት ከዚሁ ቫሪያንስ ተነስቶ ሞላው ከወሰኑ የሚያልፍበትን ዕድል አስልቷል። ምነው! የጋውስ ጅራት የተበደርነው ለአማካይ እንጂ ለአደጋ አይደለም። በሚጠነክር ሞላ ትልቁን ንዝረት ከእውነቱ አብዝቶ ያሳያል፤ በሚላላ ሞላ ደግሞ አሳንሶ፣ እሱም ነው ዕቃ የሚያሰብረው።