የወላይታ ገጠር ኔትወርክ፦ ማማውን ማን ይተክላል? ኪራዩንስ ማን ይከፍላል?

አንድ የሞባይል ማማ በወላይታ ሶዶ መሀል ከተማም ይተከል በኦሞ ተፋሰስ በሚገኝ የኪንዶ ኮይሻ ቀበሌ፣ ብረቱ፣ አንቴናውና የራዲዮ መሣሪያው ያው ነው። የማቆያ ወጪውና የሚያስገኘው ገቢ ግን ፈጽሞ አይገናኙም። የከተማው ማማ ኃይሉን ከመብራት መስመር ያገኛል፤ በዙሪያው ያለው ነጋዴ፣ ተማሪና የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ይደውላል፣ ኢንተርኔት ይጠቀማል። የገጠሩ ማማ በአንጻሩ የመብራት መስመር ባልደረሰበት በጀነሬተር ወይም በፀሐይ ኃይል መሥራት አለበት። ናፍታ የሚጭን መኪና፣ ጥበቃና የጥገና ባለሙያ ይፈልጋል። ደንበኛው በቁጥር ብዙ ቢሆንም የሚሞላው ካርድ ትንሽ ነው።

የገጠር ኔትወርክ ጉዳይ ሲነሳ በአብዛኛው የሚወራው ስለ 3ጂ፣ 4ጂና 5ጂ ነው። ለወላይታ ዞን ነጋዴና ደላላ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ይኸውም የማማው ወጪ በማን ይሸፈናል፣ ማማውስ ሳይቋረጥ እንዲሠራ የሚያስችለው ስምምነት ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው።

ከአንድ ሻጭ ወደ ሁለት

እንደሚታወቀው የሞባይል አገልግሎት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታት ያህል የማስፋፊያው ሥራ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ቆየ። ኢትዮ ቴሌኮም በኅዳር 2003 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በ2005 ዓ.ም. ከቻይናዎቹ ዜድቲኢና ሁዋዌ ጋር በ1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ውል ተፈራረመ። በዚያ ፕሮጀክት 4ጂ ለአዲስ አበባ፣ 3ጂ ደግሞ ለአገሪቱ በሙሉ እንዲዳረስ ታቅዶ ነበር። በወቅቱ ሽርክና ሲባል በመሣሪያ አቅራቢና በመንግሥት ድርጅት መካከል የሚደረግ የብድርና የግንባታ ውል ማለት ነበር።

መልኩ የተለወጠው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ሳፋሪኮም፣ ቮዳኮም፣ ቮዳፎን፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ተቋም የተጣመሩበት ቡድን በ850 ሚሊዮን ዶላር ሁለተኛውን ፈቃድ አገኘ። አገልግሎቱንም ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ፣ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ጀመረ።

ጨረታው ሲወጣ ለገጠሩ ገበያ ከፍተኛ ትርጉም ያለው አንድ ገደብ ተቀምጦ ነበር። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ማማ ተክለው ለበርካታ ኦፕሬተሮች የሚያከራዩ ገለልተኛ ኩባንያዎች አሉ። በኢትዮጵያው ጨረታ ግን አዲሱ ገቢ ከእንዲህ ያሉ ኩባንያዎች መከራየት አይችልም ተባለ። የቀሩለት ምርጫዎች ሁለት ነበሩ፤ አንድም የራሱን ማማ መትከል፣ አለዚያም ከተፎካካሪው ከኢትዮ ቴሌኮም መከራየት። ሳፋሪኮም ሁለቱንም አደረገ። በዚህ ምክንያት በገበያ የሚፎካከሩ ሁለት ድርጅቶች በማማ ጉዳይ አከራይና ተከራይ ሆኑ።

የመጋራት ሒሳብ

ማማ መጋራት ማለት አንዱ ባቆመው ብረት ላይ ሌላው የራሱን አንቴና ሰቅሎ ኪራይ መክፈል ነው። ከመስመር ትስስር ጋር መምታታት የለበትም። የመስመር ትስስር የሚባለው በ07 የሚጀምር ቁጥር ያለው ደንበኛ በ09 ወደሚጀምረው ቁጥር እንዲደውል የሚያስችለው ነው። የአገር ውስጥ ሮሚንግ ደግሞ አንዱ ኦፕሬተር ኔትወርክ በሌለው ቦታ ደንበኛው በሌላው ኔትወርክ ላይ ገብቶ እንዲጠቀም የሚደረግበት አሠራር ነው። ሦስቱም በኦፕሬተሮች መካከል የሚደረጉ ስምምነቶች ቢሆኑም የገጠሩን ማማ ወጪ በቀጥታ የሚያቀለው የመጀመሪያው ነው።

ለማስረዳት ያህል አንድ የምሳሌ ሒሳብ እንውሰድ። አንድ የገጠር ማማ በወር 100 ብር ወጪ፣ 80 ብር ገቢ ቢኖረው ባለቤቱ 20 ብር ይከስራል። ሁለተኛው ኦፕሬተር በዚያው ማማ ላይ ገብቶ 30 ብር ኪራይ፣ ለራሱ መሣሪያና ኃይል ደግሞ 15 ብር፣ በድምሩ 45 ብር ያወጣል እንበል። የእሱ ገቢ 50 ብር ቢሆንና ከዚህ ውስጥ 10 ብሩ ከባለማማው የተወሰደ ደንበኛ ቢሆን፣ የባለማማው የአገልግሎት ገቢ ወደ 70 ብር ይወርዳል። ኪራዩ ሲደመርበት ግን 100 ብር ስለሚሆን ኪሳራው ይቀራል። ተከራዩም 5 ብር ያተርፋል። ሁለቱ በየፊናቸው ማማ ቢተክሉ ኖሮ አንዱ 30 ብር፣ ሌላው 50 ብር በከሰሩ ነበር።

ይህ ስሌት የሚበላሸው ኪራዩ በዶላር ሲተመን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። በምሳሌው ላይ ኪራዩ ከ30 ወደ 60 ብር ቢያድግ የተከራዩ ወጪ 75 ብር ይሆናል፤ ገቢው ግን 50 ብር ነው። ስለዚህ ከማማው ይወርዳል። ባለማማውም ደንበኞቹን ሁሉ መልሶ ቢያገኝ እንኳ ወደ 20 ብር ኪሳራው ይመለሳል። በከተማ እንዲህ ያለውን ጭማሪ በኢንተርኔት ሽያጭ ማካካስ ይቻላል። በገጠር ግን ደንበኛው የሚጨምረው ገንዘብ የለውም።

ብዙ ሕዝብ፣ ትንሽ ካርድ

ወላይታ ከሌሎች የገጠር አካባቢዎች የሚለይበት ነገር አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በዞኑ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖር ነበር። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ350 ሰው በላይ ማለት ሲሆን፣ ከተሜው ግን 11.5 በመቶ ብቻ ነበር። ስለሆነም በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ባለው ወይና ደጋ አንድ ማማ የሚደርስበት ሰው አያንስም። የሚያንሰው ማሳው ነው፤ ማሳው ሲያንስ የገበሬው ጥሬ ገንዘብ፣ ከዚያም የሚሞላው ካርድ ያንሳል። ወደ ኦሞና ወደ ብላቴ ወንዞች በሚወርደው ቆላ ደግሞ የሰው አሰፋፈር ይሳሳል፤ ገደሉና ሸለቆው ሞገዱን ይጋርደዋል።

እዚህ ላይ የሞገድ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ፣ ለምሳሌ 900 ሜጋኸርዝ፣ ርቆ ስለሚሄድ ለገጠር ይስማማል። ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ብዙ መረጃ ይሸከማል፤ ነገር ግን ቶሎ ይደክማል። በመሆኑም አንድ ቀበሌ «4ጂ ገብቶለታል» ሲባል ከማማው ሥር ያለው ገበያ በደንብ እያገኘ ከኮረብታው ጀርባ ያለው መንደር ምንም ላያገኝ ይችላል።

ሶዶ ያላት ዕድል

ኃይልን በተመለከተ የዞኑ ሁኔታ ግራ የሚያጋባ ነው። 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የሚገኘው በወላይታና በዳውሮ አዋሳኝ ነው። ለኬንያ ኃይል የሚሸጥበት 1,045 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር የሚነሳውም ከወላይታ ሶዶ ማከፋፈያ ጣቢያ ሲሆን፣ ሥራ የጀመረው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ይሁንና ከፍተኛው መስመር በላዩ ያለፈበት ቀበሌ ሁሉ መብራት አገኘ ማለት አይደለም። ለማማው የሚያስፈልገው ቀጭኑ የማከፋፈያ መስመር ነው።

ያም ሆኖ ከፍተኛው መስመር ለኔትወርኩ ሌላ ጥቅም አለው። በኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ምሰሶዎች አናት ላይ ከሚዘረጋው ሽቦ ጋር የፋይበር ገመድ አብሮ ይሄዳል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ይህን ፋይበር ለቴሌኮም ያከራያል። ማማዎች እርስ በርስ በማይክሮዌቭ ሲቀባበሉ ቆይተው የሚደርሱት ወደ ፋይበር ነው። በቅብብሎሹ መካከል ያለ አንድ ማማ ኃይል ቢያጣ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይጠፋሉ። የፋይበር መጨረሻው ለአንድ ወረዳ በቀረበ መጠን ቅብብሎሹ ያጥራል፣ መቋረጡም ይቀንሳል።

ለነጋዴው፣ ለደላላው

ከቦሎሶ ቦምቤ ወይም ከአረካ ዙሪያ የሚወጣ ዝንጅብል፣ ከገሱባ የሚመጣ ቅቤ፣ ከሁምቦ የሚነዳ ከብት ሶዶ እስኪደርስ ድረስ ዋጋው በየእጁ ይለወጣል። በገበሬውና በሶዶው ጅምላ ሻጭ መካከል የሚቆመው ደላላ ትርፉን የሚያገኘው አንዱ የሚያውቀውን ዋጋ ሌላው ስለማያውቅ ነው። ስልክ በገባበት ቀበሌ ገበሬው ከገበያ ቀን በፊት ዋጋ ስለሚጠይቅ ይህ ልዩነት ይጠባል። ደላላው ግን ከሥራ ይወጣል ማለት አይደለም። ጭነት ማሰባሰብ፣ ጥራት ማየት፣ መኪና ማገናኘትና ክፍያ ማስተማመን ይቀርለታል። በቡናም ቢሆን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሶዶ የቅምሻና የደረጃ ምደባ ማዕከል ከከፈተ ወዲህ የአዲስ አበባውን ዋጋ በስልክ የሚከታተል አቅራቢ የተሻለ የመደራደር አቅም አግኝቷል።

ከክፍያ አኳያ በብዙዎች ዘንድ የሚዘነጋ ነጥብ አለ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርም ሆነ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የገባው ኤምፔሳ ያለ ኢንተርኔት፣ *127# ወይም *733# ተደውሎ በተራ ስልክ ይሠራሉ። ይህ አሠራር 4ጂ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማማው በገበያ ሰዓት ኃይል እንዳይጠፋበት ነው። በመስከረም ለጊፋታ በዓል ከየአገሩ ለሥራ የወጣው የወላይታ ልጅ ለሰንጋ መግዣ ወደ ቤተሰቡ ገንዘብ ሲልክ፣ ቅቤውና ከብቱም ገበያውን ሲያጥለቀልቀው፣ የማማ መቋረጥ ማለት የቆመ ክፍያ ማለት ነው። ጥሬ ገንዘብ ይዞ ቆላ መውረድ ያልፈለገ ነጋዴ ጉዳቱን በመጀመሪያ የሚያየው በዚህ ጊዜ ነው።

ለባለአክሲዮኑ

ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር፣ ከጥቅምት 6 እስከ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ለሕዝብ አቅርቦ 10.7 ሚሊዮኑ በ3.2 ቢሊዮን ብር ተሸጧል። ገዢዎቹ ከ47 ሺሕ በላይ ናቸው። ድርጅቱ በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ ከ83 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉትና 162 ቢሊዮን ብር ገቢ እንዳገኘ አስታውቋል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በበኩሉ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. 8.8 ሚሊዮን ንቁ ደንበኞችና ከ3 ሺሕ በላይ የማማ ጣቢያዎች ነበሩት።

አክሲዮን የገዛ የሶዶም ሆነ የአዲስ አበባ ባለሀብት የገጠር ማስፋፊያን በሁለት ዓይን ማየት ይኖርበታል። ማማው ዛሬ ወጪ ነው፤ መሣሪያው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ገቢው በብርና በጥቂት በጥቂቱ ይመጣል። በሌላ በኩል ተከራይ ያገኘ ማማ ደንበኛው ማንም ይሁን ማን ኪራይ ያስገባል። ተፎካካሪ መጣ ተብሎ የሚፈራው ድርጅት በገጠር ከዚያው ተፎካካሪ ገቢ ሊያገኝ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ወላይታ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ በመሆኗ በከተማዋ የኔትወርክ ፍላጎት መጨመሩ አይቀርም፤ ሁለቱም ኦፕሬተሮች ለከተማው አይሰንፉም። የቆላው ቀበሌ ግን ኪራዩ በብር መተመኑን፣ የማከፋፈያ መስመር ወይም የፀሐይ ኃይል መግባቱንና ፋይበሩ ወደ ወረዳው መቅረቡን ይጠብቃል። በዚያ አካባቢ የሚነግድ ሰው አዲስ ማማ ሲተከል ስንተኛ ጂ እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝና ተከራይ እንዳለው ቢያጣራ፣ ክፍያውን በስልክ ለማድረግ መተማመን ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል።