ጥርስ የሌለው የአስመራ ባቡር

የአስመራና የምጽዋ ባቡር ወሬ በተነሳ ቁጥር፣ ሞያሌ ቡና ቤትም ይሁን አዲስ አበባ፣ አንድ ሰው አይጠፋም፦ «ያንን ተራራ የሚወጣው ጥርስ ስላለው ነው» የሚል። የለውም። ሐዲዱም ልሙጥ ነው፣ መንኮራኩሩም ልሙጥ ነው። ይህ ባቡር የሚገባውን ክብር ያላገኘው አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ጥርስ ሲሰጡት ሥራው ሁሉ የጥርሱ ሆኖ ይቀራል።

መሠረታዊውን ባጭሩ ልበል። ጣሊያኖች በ1887 እ.ኤ.አ. ከምጽዋ ጀምረው በ1911 አስመራ አስገቡት። ርዝመቱ 118 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ነው፤ 30 ዋሻና 65 ድልድይ አልፎ ከባሕር ዳርቻ እስከ 2,394 ሜትር ከፍታ ይወጣል።

የጥርሱ ጉዳይ ግን በአጭር የሚታለፍ አይደለም። ስህተቱ የሎኮሞቲቭን ያህል ዕድሜ አለው። በ1812 ጆን ብሌንኪንሶፕ የተባለ እንግሊዛዊ ሊድስ አጠገብ የድንጋይ ከሰል የሚያመላልስ ባቡር ሲያሠራ፣ ልሙጥ ብረት በልሙጥ ብረት ላይ ይንሸራተታል ብሎ በሐዲዱ ጎን ጥርስ አበጀ። በዓመቱ ዊሊያም ሄድሊ ያለ ጥርስ እንደሚሄድ አሳየ። ቁም ነገሩ ክብደት ነው። ከጎልቦ ሜዳ ወደ ሞያሌ ጭነት የሚያወጣ ሾፌር ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ ዝናብ ሲዘንብ ባዶ መኪና ኋላው ይንሸራተታል፣ በልኩ የጫነው ግን መሬቱን ቆንጥጦ ይወጣል።

በቁጥር እንየው። ደረቅ ሐዲድ ላይ የሎኮሞቲቭ መንኮራኩር ከተሸከመው ክብደት ሩቡን ያህል ሳይንሸራተት መሳብ ይችላል፤ በአንድ ቶን 250 ኪሎ መሆኑ ነው። የአስመራው መስመር በጣም በቆመበት ቦታ 3.5 በመቶ ዳገት አለው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር 35 ሜትር መውጣት ማለት ነው። እዚያ ላይ አንድ ቶን ወደ ላይ ለመሳብ ለዳገቱ ብቻ 35 ኪሎ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ የሎኮሞቲቭ ቶን ራሱን ችሎ በወረቀት ላይ ስድስት ቶን ያህል ያስከትላል፤ ኩርባውና ሰበቃው ከዚያ ላይ ይቀንሳሉ። የስዊሱ ፒላቱስ ተራራ መስመር ግን 48 በመቶ ዳገት ነው፤ በአንድ ቶን 430 ኪሎ ያህል! እዚያ ልሙጥ መንኮራኩር ባዶውን እንኳ መውጣት ስለማይችል ጥርስ የግድ ይሆናል። የሕንዱ ኒልጊሪ ባቡርም በቆመው ዳገቱ 8 በመቶ ስለሚያልፍ ከሁለቱ ሐዲዶች መሐል ጥርሳም ብረት ተዘርግቶለታል። የአስመራው መሐንዲሶች ሌላ መንገድ መረጡ። ዳገቱን ቀንሰው መንገዱን አስረዘሙት፤ ገደሉን እየዞሩ፣ ተራራውን እየበሱ።

ኩርባ ሲበዛ ደግሞ ረጅም ሎኮሞቲቭ አይታጠፍም። አናቶል ማሌ የተባለው የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ በ1884 ያስመዘገበው ፈጠራ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። በአስመራው መስመር የማሌ ሎኮሞቲቭ ስምንቱ መንኮራኩሮች አራት አራት ሆነው ይከፈላሉ፤ የኋለኞቹ ከቦይለሩ ጋር ተያይዘዋል፣ የፊተኞቹ ግን ለብቻቸው በሚዞር አካል ላይ ስለሆኑ ኩርባውን ቀድመው ይታጠፋሉ። እንፋሎቱም ሁለት ጊዜ ይሠራል። መጀመሪያ የኋላውን ሲሊንደር ይገፋል፣ ከዚያ ኃይሉ ቀንሶ ወደ ፊተኛው ያልፋል። የደከመ እንፋሎት ያንኑ ያህል ለመግፋት ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ የፊተኛው ሲሊንደር ትልቅ ነው። ውሃውንና ከሰሉንም በራሱ ጀርባ ስለሚሸከም፣ ሁሉም መንኮራኩሮች ጎታች ስለሆኑ፣ አንድም ኪሎ ክብደት ያለ ሥራ አይቀመጥም። በ1938 ጄኖቫ ውስጥ አንሳልዶ የሠራቸውና 442 በሚል ቁጥር የሚጠሩት ለእኔ ከሁሉም ያምራሉ።

ኬንያ ውስጥ ላለን ሰዎች የዚህ ዘመድ ናይሮቢ የባቡር ሙዚየም ቆሟል፤ 5918 ቁጥር ያለው፣ ጋራት የሚባል ሎኮሞቲቭ፣ 252 ቶን። እሱም ኩርባውን ያሸነፈው አካሉን በመክፈል ነው፤ ቦይለሩ ከሁለት ተሽከርካሪ አካላት መሐል ተንጠልጥሏል። ጎብኚዎች «ሁለት ባቡር ተቀጥሎ» እያሉ ሲያልፉት ሰምቻለሁ። ቆም ብላችሁ ብትቆጥሩ ቦይለሩ አንድ ብቻ ነው!

ከአስመራ ወደ ነፋሲት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሄድበት ዓይኔ ያረፈው ከገደሉ ይልቅ ፍሬን ያዦቹ ላይ ነበር። በየፉርጎው አንድ ሰው ቆሟል፤ ከሎኮሞቲቩ ፉጨት ሲሰማ የፍሬኑን እጀታ በሁለት እጁ ያዞራል፣ ብረቱ ይጮኻል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፤ ሲፈቀድለት መልሶ ያላላል። ውጭው ቁልቋል የበቀለበት ገደል፣ ዝንጀሮ የተቀመጠበት ድንጋይ፣ ከባሕሩ በኩል የሚወጣ ጉም ነው። ጉሙ ሐዲዱን ሲያረጥበው፣ በመልሱ ዳገት ላይ መንኮራኩሩ ሊሽከረከር ይዳዳዋል። ያኔ ሾፌሩ ከመንኮራኩሩ ፊት ደረቅ አሸዋ በቱቦ ያፈሳል። አሸዋው ሲፈጭ ከወንበሩ ሥር ይሰማል። በዚህ ሰዓት ለፎቶ ሲሉ አንገታቸውን የሚያሰግጉ ተሳፋሪዎች ያናድዱኛል። የዋሻው ግድግዳ ቅርብ ነው፤ ፍሬን ያዡም ከሥራው ላይ ዓይኑን አንስቶ እናንተን መጠበቅ የለበትም።

መስመሩ በ1970ዎቹ አጋማሽ በኤርትራ የነጻነት ጦርነት ተቋረጠ፤ ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ዋለ። ከ1994 ጀምሮ ኤርትራውያን መልሰው ሲዘረጉት ከምሽጉ እየለቀሙ ነው። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ሽማግሎች፣ ተጠርተው ተመለሱ፤ የጠፋውን ዕቃ አስመራ ባለው ወርክሾፕ እያቀለጡና እየቀጠቀጡ ሠሩ። በ2003 ባቡሩ ከምጽዋ ተነስቶ እንደገና አስመራ ደረሰ። ለወጣቶቹ ያስተማሩትም እነዚሁ ናቸው፤ ሾፌርነቱን፣ የእሳቱን አያያዝ፣ ዳገት ላይ ግፊቱ እንዳይወርድ ከሰሉ መቼ እንደሚጨመር።

ባቡሩ በአብዛኛው የሚነሳው ቡድን ሲከራየው ነውና ለመሄድ የምታስቡ ቀድማችሁ ጠይቁ። ጣቢያው ስትደርሱ ቶሎ አትሳፈሩ። በሎኮሞቲቩ ጎን ሂዱና የኋላውን ሲሊንደር ከፊተኛው ጋር አስተያዩ፤ ከዚያ ዝቅ ብላችሁ በሐዲዱ መሐል ጥርስ ፈልጉ።