ክትባት የሚያበቅለው እንቁላል

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን በዓለት ላይ የተቀመጠችው ኦቾሎ በሕክምና ጥናቶች ስሟ የሚነሳው ቁንጭር በተባለው የቆዳ በሽታ ነው። የበሽታው ጥገኛ ተውሳክ በዓለት ስንጥቅ ከሚኖሩ ሽኮኮዎች በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ወደ ሰው ይዛመታል። ለቁንጭር እስካሁን በስፋት አገልግሎት ላይ የዋለ የሰው ክትባት የለም። በየጓሮው የሚጭሩትን ዶሮዎች ለሚፈጀው ፈንግል ግን አለ፤ የሚመረተውም እንቁላል ውስጥ ነው።

ቫይረስ ብቻውን አይራባም፤ ሕይወት ያለው ሴል ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1931 አሊስ ውድረፍና ኧርነስት ጉድፓስቸር የዶሮ ፈንጣጣ ቫይረስን በእንቁላል ውስጥ ሽሉን በከበበው ስስ ሽፋን ላይ አሳደጉ። በዋጋ ርካሽ፣ በቅርፊቱ የታሸገ የቫይረስ ማራቢያ ተገኘ።

የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል። ዘጠኝ ወይም አሥር ቀን የታቀፈ እንቁላል በብርሃን ይፈተሽና ሽሉ በሕይወት መኖሩ ይረጋገጣል። ከዚያ ቅርፊቱ ይበሳል፤ የክትባቱ ቫይረስ ከሽሉ ጋር በተያያዘው ከረጢት ውስጥ ወዳለው ፈሳሽ ይወጋል፤ ቀዳዳውም ይደፈናል። ከቀናት በኋላ በቫይረስ የተሞላው ፈሳሽ ይቀዳና በቅዝቃዜ ይደርቃል። ከገበያ የተገዛ እንቁላል ለዚህ አይበጅም፤ የተከተበች ዶሮ የበሽታ መከላከያዋን በአስኳሉ ውስጥ ስለምታስተላልፍ ቫይረሱ ሳይራባ ሊቀር ይችላል።

ሰውም የዚሁ ዘዴ ተጠቃሚ ነው። ማክስ ታይለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የቢጫ ወባ ቫይረስን አንጎሉና ሕብለ ሰረሰሩ በወጣለት የዶሮ ሽል ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ደጋግመው በማሳለፍ አዳከሙት። 17ዲ የተሰኘው ክትባት ተወለደ፤ ታይለርም እ.ኤ.አ. በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬም ክትባቱ ሽል ከያዘ እንቁላል ይመረታል። ነገር ግን ክትባቱ ከተገኘ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1960-62 በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው የተነሳው ወረርሽኝ 30,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ክትባቱ መኖሩ ብቻውን አላዳነም፤ መድረስ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ ኦሞ ቢጫ ወባ ሲታይ ግን አስቸኳይ የክትባት ዘመቻ ተካሂዷል።

የፈንግልም ፈተና እንዲሁ መድረስ ነው። ሙቀትን የሚቋቋመው አይ-2 የተባለ የክትባት ዝርያ ማቀዝቀዣ በሌለበት መንደር ለተወሰነ ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል፤ በዓይን ጠብታም ይሰጣል። ሆኖም አንድ ብልቃጥ ለበርካታ ዶሮዎች የተዘጋጀ ሲሆን በአብዛኛው ጓሮ ያሉት ጥቂት ናቸው። ክትባቱ ከተበጠበጠ በኋላ ብዙ ስለማይቆይ ጎረቤታሞች ዶሮዎቻቸውን በአንድ ቀን ማስከተብ አለባቸው።